የጊታሬን ላከር መቼ ላሽው? (የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፣ ከጎንደር)

ቀሃ_ማዶ | ነሐሴ 8፣ ማታ 2:40

ሰላም ጎበዝ። እዚህ ሁልጊዜ አንባቢ ነኝ። ዛሬ ግን ጨንቆኛል።

የመጀመሪያ ጊታሬን ሠርቼ ጨርሻለሁ ማለት ይቻላል። አኩስቲክ ነው። ጀርባውና ጎኑ ዋንዛ፣ ፊቱ ጥድ፣ የጣት ሰሌዳው ወይራ። ጥዱ ከፈረሰ ቤት የወጣ አሮጌ ሳንቃ ነው፤ ምስማሩን ለመንቀል ብቻ ሁለት እሑድ ፈጅቶብኛል። ቀን ቀን ሬዲዮና ቴሌቪዥን እጠግናለሁ። ማታ ማታ የአክስቴ ሰርቪስ ቤት ወርክሾፕ ይሆናል። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ።

አሁን ላከሩ ላይ ደርሻለሁ። የቤት ዕቃ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ናይትሮ ላከር ገዝቼ በጎረቤት ኮምፕሬሰር 8 እጅ ረጨሁት። ዝናቡ ጋብ ባለ ቁጥር እየተሯሯጥኩ፣ በሦስት ቀን። የመጨረሻው እጅ ሐምሌ 27 ነው።

ከሩቅ ያምራል። ጠጋ ብዬ ሳየው ግን ፊቱ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ጀርባው ላይ የመዳፍ ያህል ቦታ ነጣ ብሏል፣ እስትንፋስ እንዳረፈበት መስታወት። አንዲት ትንኝም ክንፏን ዘርግታ ተቀብራበታለች።

ብርጭቆ ወረቀት ገዝቻለሁ። ለእንቁጣጣሽ እጫወትበታለሁ ብዬ ለሰፈሩ ልጆች አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ነገ ማሸት ልጀምር? በስንት ቁጥር? በውሃ ነው በደረቁ? እንደ መስታወት የሚያበራውስ በምንድን ነው?

አንገረብ72 | ነሐሴ 8፣ ማታ 3:05

አትጀምር። አፍንጫህን ላከሩ ላይ አስጠግተህ አሽትት። ምን ይሸታል?

ቀሃ_ማዶ | ነሐሴ 8፣ ማታ 3:11

ጋሼ፣ የጥፍር ቀለም ይሸታል። እህቴ ጥፍሯን ስትቀባ እንደሚሸተው።

አንገረብ72 | ነሐሴ 8፣ ማታ 3:30

እንግዲያው አልደረቀም። ሲነኩት አለመያዝ ሌላ፣ መድረቅ ሌላ። ከላይ ቆዳ አውጥቷል፣ ከሥር ገና ነው።

አሁን ብታሸው ዱቄቱ ወረቀትህ ላይ እየተጠቀለለ እንደ ጤፍ ፍሬ ይጋገራል። ያ ፍሬ ፊቱን እንደ ጥፍር ይጭረዋል። እሺ፣ ተጠንቅቀህ አሸኸው እንበል። ላከሩ ከወር በኋላ ሲሰበሰብ ወደ ዋንዛው ቀዳዳ ይሰምጣል። ዛሬ ልሙጥ ያደረግኸው ያኔ ጎድጎድ ይልብሃል። ዋንዛ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ለመሆኑ ከመርጨትህ በፊት ቀዳዳውን ደፍነኸዋል?

ከመጨረሻው እጅ በኋላ ቢያንስ አራት ሳምንት ጠብቅ። ክረምት ነውና ስድስት በለው።

ቀሃ_ማዶ | ነሐሴ 8፣ ማታ 3:34

ሲለር ሁለት እጅ ቀብቼ አሽቼዋለሁ ጋሼ። ግን ስድስት ሳምንት?! እንቁጣጣሽ አለፈ በሉኛ።

አንገረብ72 | ነሐሴ 8፣ ማታ 3:41

መስቀልም አለፈ። ነጣ ያለውን ቦታ ስታስተካክል እንደገና ትረጫለህ። ቆጠራው ከዚያ ነው የሚጀምረው።

አዘዞ_ጋራዥ | ነሐሴ 8፣ ማታ 4:02

ኧረ ልጁን አታስጨንቁት! እኔ የመኪና ቀለም ቀቢ ነኝ። ስንት የተጋጨ መኪና ነው ከፋብሪካ እንደወጣ አድርጌ የመለስኩት። ወንድሜ፣ ይዘኸው አዘዞ ና። በ1500 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እናስኬደዋለን፣ ከዚያ ማሽን፣ ከዚያ ኮምፓውንድ (ልም አሸዋ ያለው ማሻ ቅባት)። በአንድ ሰዓት ፂምህን ትላጭበታለህ።

አንገረብ72 | ነሐሴ 8፣ ማታ 4:15

ወንድሜ፣ ያንተ ቀለም ከሥሩ ቆርቆሮ አለው። የሱ እንጨት ነው። ያንተ ከማጠንከሪያ ጋር ተደባልቆ ነው የሚደርቀው። ናይትሮ ማጠንከሪያ የለውም።

ማራኪ_ኬሚስትሪ | ነሐሴ 9፣ ጠዋት 1:20

ጋሼ ልክ ናቸው። እኔ ጊታር መሥራት አላውቅም፣ ኬሚስትሪ ግን አስተምራለሁ።

የእህትህን የጥፍር ቀለም መጥቀስህ አሳቀኝ፣ ምክንያቱም ያው ነገር ነው። አብዛኛው የጥፍር ቀለም ናይትሮሴሉሎስ ነው። እህትህ በአሴቶን እንደምታስለቅቀው ሁሉ ያንተም ላከር ከዓመታት በኋላ እንኳ ቲነር ካገኘው ይሟሟል። ሲደርቅ ወደ ሌላ ነገር አይለወጥም። ቲነሩ ይተናል፣ የቀረው ይቀራል፣ በቃ። የመኪናው ባለ ማጠንከሪያ ቀለም ግን በኬሚካል ተሳስሮ ነው የሚጠነክረው። ከዚያ በኋላ ቲነር እንደ ልቡ አያዝበትም።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። ጥሩው፣ አዲስ እጅ ስትረጭ አሮጌውን አሟሙቶ አንድ ሽፋን ይሆናል። ስለዚህ ስህተትህ ሁሉ የሚጠገን ነው። መጥፎው፣ ናይትሮ ሙቀት ሲያገኘው ይለሰልሳል። ያልደረቀ ላከር ላይ ማሽን ቢያርፍ ፍትጊያው ያሞቀውና እንደ ማስቲካ ይጎተታል።

ነጣ ያለው ቦታ እርጥበት ነው። ቲነር ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል (አልኮል እጅህ ላይ ሲፈስ እንደሚቀዘቅዝህ)። ፊቱ ሲቀዘቅዝ የክረምቱ አየር እርጥበት ጤዛ ሆኖ ያርፍበታል፣ ላከሩ ውስጥም ይቀበራል። ፀሐይ የወጣበት ደረቅ ቀን ጠብቀህ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር፣ ነጋዴዎቹ ሪታርደር የሚሉትን፣ ስስ አድርገህ እርጭበት። ላከሩ ይከፈታል፣ እርጥበቱ ይወጣል፣ ንጣቱም ይጠፋል።

አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። አክስትህ ቡና የሚያፈሉት የት ነው?

ቀሃ_ማዶ | ነሐሴ 9፣ ጠዋት 1:48

ከሰርቪስ ቤቱ በር ፊት ለፊት። ምነው?

ማራኪ_ኬሚስትሪ | ነሐሴ 9፣ ጠዋት 1:50

ኧረ በፈጠረህ! የቲነር እንፋሎት ከአየር ይከብዳል። መሬት ለመሬት ተስቦ ሄዶ ከሰሉን ያገኘዋል። ናይትሮሴሉሎስ ራሱ የባሩድ ዘመድ ነው። ስትረጭ ከሰል፣ ሻማ፣ ሲጋራ፣ ምንም እሳት ግቢው ውስጥ አይኑር። ጭምብልም አድርግ፤ የጨርቁን አይደለም፣ የከሰል ማጣሪያ ያለውን።

ቀሃ_ማዶ | ነሐሴ 9፣ ጠዋት 2:05

8 እጅ ስረጭ አቦል ቶና በረካ ስትፈላ ነበር። አሁን ጉልበቴ ከዳኝ። እግዜር ነው ያተረፈን።

ጠጅ_ሣር | ነሐሴ 9፣ ረፋድ 4:30

ይሸጣል?

ቀሃ_ማዶ | ነሐሴ 9፣ ረፋድ 4:33

ገና አላለቀም ወንድሜ።

ክራር_ደርዳሪ | ነሐሴ 9፣ ማታ 1:15

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምኑ ነው? ክራሬ ላከር የሚባል ነገር አያውቅም። የተልባ ዘይት በጨርቅ አሽቼበት ይኸው ስንት ዓመቱ። እንጨት ማለት ሲተነፍስ ነው የሚዘፍነው። እናንተ በፕላስቲክ አፍናችሁ "ድምፁ የት ሄደ?" ትላላችሁ።

አንገረብ72 | ነሐሴ 9፣ ማታ 2:00

ከቀልዱ ውስጥ እውነት አለ። ወፍራም ሽፋን የጊታር ፊት ላይ ጭነት ነው። ፊቱ ስስ ስለሆነ ነው የሚርገበገበው፣ ከላዩ ሌላ ሳንቃ ስትጨምርበት ይታፈናል። ጥሩ ሠራተኞች ታሽቶ ሲያልቅ ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ነው የሚታገሉት። አንተ ስምንት እጅ ያለበስከው ወጣት፣ ይህን አስብበት። ብዙ ረጭተህ ብዙ ከምታሽ፣ በልክ ረጭተህ በልክ ማሸቱ ይሻላል።

ጊታር ግን ላብ አለበት፣ የክንድ ቅባት አለበት፣ ጥድም ለስላሳ ነው። ዘይት ብቻውን አይከላከልለትም። ደግሞ አንተ ክራር ደርዳሪ፣ ያን የተልባ ዘይት ጨርቅህን ጠቅልለህ ጥግ አትጣለው። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል። የተጠቀለለ ጨርቅ ክብሪት ሳይጫርበት በራሱ ይነድዳል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው፣ ወይ ውሃ ውስጥ ንከረው።

ክራር_ደርዳሪ | ነሐሴ 9፣ ማታ 2:06

አልጋዬ ሥር ነበር። ተነሥቻለሁ።

ቀሃ_ማዶ | ጥቅምት 12፣ ማታ 1:30

ተመልሻለሁ! ያፌዛችሁብኝ ሁሉ፣ ጠብቄያለሁ። መስከረም 6 ሰማዩ ጥርት ሲል ሪታርደሩን ረጨሁ (አክስቴን ዘመድ ጥየቃ ልኬ)። ንጣቱ ዓይኔ እያየ ጠፋ። በላዩ ላይ አንድ ስስ እጅ ደገምኩ። ይኸው 36 ቀን ሆነው። ጋሼ፣ አሽትቻለሁ፤ ምንም አይሸትም።

እንቁጣጣሽ ላይ ልጆቹ "ጊታሩስ?" ሲሉኝ ያደረቅኩትን ፊቴን ብታዩ።

ዛሬ ጀመርኩ። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሁለት ዓይነት ወረቀት ነው ያለኝ፣ ከሁለት ሱቅ የተገዛ። አንዱ ላይ 600 ይላል። ሌላው ላይ ፒ800 ይላል። ቁጥሩ ሲያድግ ይልማል አይደል? በ600ው ጀመርኩ፣ እሺ ሄደ። ወደ ፒ800 ስሻገር የባሰ ጫረው! ተጭበርብሬ ነው?

ማራኪ_ኬሚስትሪ | ጥቅምት 12፣ ማታ 2:10

አልተጭበረበርክም። "ፒ"ዋ ናት ጉዱ።

ሁለት የቁጥር አሰጣጥ አለ። ፊቱ ላይ "ፒ" ያለው የአውሮፓው ነው። የሌለው ብዙ ጊዜ የአሜሪካው ነው። እስከ 200 ገደማ ተቀራራቢ ናቸው፤ ወደ ላይ ሲወጡ ይለያያሉ። ፒ800 ላይ ያለው የአሸዋ ቅንጣት አማካይ መጠኑ 22 ማይክሮን አካባቢ ነው። የአሜሪካው 600 ደግሞ 16 ማይክሮን ነው፤ ከፒ1200 ጋር ነው የሚቀራረበው። ስለዚህ ከልም ወደ ሸካራ ሄድክ ማለት ነው። ሽፋንህ በሙሉ መቶ ማይክሮን ቢሆን ነው፣ እያንዳንዷ ጭረት ከሱ ላይ እየወሰደች ነው።

ከእንግዲህ አንዱን መንገድ ይዘህ ሂድ። ሁሉም ፒ ያለባቸው ይሁኑ፦ ፒ800፣ ፒ1000፣ ፒ1200፣ ፒ1500፣ ፒ2000።

አንገረብ72 | ጥቅምት 12፣ ማታ 3:00

ተባረኪ ልጄ። 40 ዓመት ስሠራ "ይህኛው ሱቅ ያለው ወረቀት ውሸታም ነው" እያልኩ ስራገም ነበር።

አሁን ስማኝ ልጄ፣ አካሄዱን ልንገርህ።

ጥቁሩን፣ በውሃ የሚሠራውን ወረቀት ማታውኑ ውሃ ውስጥ ንከረው። ጠዋት እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል፤ ደረቅ ጠርዙም አይጭርም። ውሃው ላይ አንድ ጠብታ ላርጎ ጨምር፣ ይንሸራተትልሃል። በጣትህ እንዳታሸው። ጣት ጉድጓዱን ተከትሎ ይገባል፣ ጉብታውንም ተከትሎ ይወጣል። ማሸት ማለት ደግሞ ጉብታውን ቆርጦ ጉድጓዱ ድረስ ማውረድ ነው። ወረቀቱን ጠንካራ ላጲስ ላይ ጠቅልለው። ለሰፊው ፊት የድሮ ነጠላ ጫማ ሶል ቆርጠህ መጠቀም ትችላለህ፣ ቀጥ ያለ ከሆነ።

መስኮት አጠገብ ሥራ። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ ከላይ አይሁን። ትንሽ ታሽና ውሃውን በጨርቅ ትጠርገዋለህ፣ ከዚያ አጎንብሰህ ታያለህ። የታሸው ቦታ አመድ መስሎ ይፈዝዛል። ያልተነካው ጉድጓድ ግን ያበራል፣ እንደ ዓሣ ቅርፊት። ሥራህ እነዚያን የሚያበሩ ነጥቦች ማጥፋት ነው። እየቀነሱ፣ እያነሱ ይሄዳሉ። አብዛኞቹ ሲጠፉ አቁም። አንድ ሁለት ግትር ካለ አትከተለው። እሱን ሳሳድድ ነው ስንቱን ጠረጴዛ የበላሁት።

ከፒ800 ወደሚቀጥለው ስትሻገር አቅጣጫ ቀይር። ርዝመቱን አሽተህ ከነበር ወደ ጎን እሽ። ያኔ የበፊቱ ጭረት መጥፋት አለመጥፋቱ ይታይሃል። ወረቀት በለወጥህ ቁጥር ሁሉን እጠበው፣ ላጲሱንም ጭምር። አንዲት የ800 ቅንጣት 2000 ላይ ብትቀር ውሎህን ታበላሽብሃለች።

ጠርዝ ላይ አትድረስ። እሱን መጨረሻ ላይ በ1200 ብቻ፣ በጣትህ፣ እንደ መዳሰስ።

አዘዞ_ጋራዥ | ጥቅምት 12፣ ማታ 3:20

ይህን እኔም እፈርማለሁ። ጠርዝ የቀቢ ጠላት ነው። ቀለም ጠርዝ ላይ ሲደርስ ይሸሻል፣ ስስ ሆኖ ይቀራል። እኛ ጋራዥ ጠርዙ ላይ የወረቀት ፕላስተር እንለጥፍበታለን።

ቀሃ_ማዶ | ጥቅምት 15፣ ማታ 2:00

በላሁት። ጠርዙን በላሁት።

ፊቱ ቆንጆ ሄዶልኝ ነበር። ጀርባውን ሳሽ ውሃው እንደ አጓት ነጭ ነበር። ስልኬ ጠራ፣ እያወራሁ አንድ ሦስት ጊዜ መለስ ቀለስ አደረግኩ። ዞር ብዬ ሳየው አጓቱ ቡና ሆኗል። ዋንዛው ነው የወጣው። የጣት ጥፍር የምታህል ቦታ፣ ከታችኛው ጎን መታጠፊያ ላይ።

ይህም አልበቃኝ። የጊታሩን ራስ፣ መቃኛዎቹ የሚገቡበትን፣ በውሃ ሳሽ ውሃው በመቃኛዎቹ ቀዳዳ ገባ። አሁን በሁለቱ ቀዳዳ ዙሪያ ቀለበት የሚመስል እብጠት አለ።

መዶሻው የት ነው ያለው?

አንገረብ72 | ጥቅምት 15፣ ማታ 2:25

መዶሻውን ተው፣ ቡና ጠጣ። (ከሰሉ ከላከሩ ራቅ ይበል።)

መጀመሪያ የጊታሩን ራስ። ዛሬ ምንም አትንካው። እንጨቱ ውሃ ጠጥቶ ነው ያበጠው። በሳምንት ውስጥ ሲደርቅ አብዛኛው ይመለሳል። አሁን አብጦ ሳለ ብታሸው ሲሟሽሽ ጎድጓዳ ይሆናል። ስህተቱ የኔም ነው፣ ቀዳዳ ያለበትን ቦታ በውሃ አትንካ ማለት ነበረብኝ። ራሱንና የድምፅ ቀዳዳውን ዳር በደረቁ እሽ፣ ወይ ከውሃ ይልቅ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛውን) ተጠቀም። አኳራጅ ናይትሮን አያሟሟም፣ እንጨትም አያሳብጥም። ቀዳዳዎቹን ውስጣቸውን በትንሽ ብሩሽ ላከር ቀብተህ ብትጀምር ደግሞ ገና ከመነሻው ባልሆነ ነበር።

የበላኸውን ቦታ በተመለከተ ማራኪ የነገረችህን አስታውስ። ናይትሮ ከራሱ ጋር ይዋሃዳል። ቦታው በደንብ ይድረቅ። ዙሪያውን በ1000 አለስልሰህ ስስ ስስ እጅ እርጭበት፣ አራት አምስት ጊዜ፣ በመካከሉ ሰዓት እየሰጠኸው። ከዚያ እንደገና ሳምንታት። መቼም ለምደኸዋል።

ማራኪ_ኬሚስትሪ | ጥቅምት 15፣ ማታ 2:40

አይዞህ። የከፋው ባለ ማጠንከሪያ ቀለም ላይ ቢሆን ነበር። እሱ አዲሱን ከአሮጌው ስለማያዋህድ ዙሪያውን እንደ ካርታ መስመር ያሳይሃል።

ትንኟስ_የት_ደረሰች | ጥቅምት 15፣ ማታ 3:00

ከመጀመሪያው ጀምሬ ስከታተል ነበር። ትንኟ ምን ሆነች?

ቀሃ_ማዶ | ጥቅምት 15፣ ማታ 3:12

ወጣች። መቃብሯ ቀረ። የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ጉድጓድ።

አንገረብ72 | ጥቅምት 15፣ ማታ 3:40

እሷን አሽተህ ለማውረድ አትሞክር። ሙላት። በስቴኪኒ ጫፍ አንዲት ጠብታ ላከር ጣልባት፣ ከፍ ብላ ጉብ ትበል። ቲነሩ ሲተን ትሰምጣለች። በማግስቱ ድገማት፣ በሦስተኛው ቀንም። ከዙሪያዋ ትንሽ ከፍ ብላ ስትቀር ለአንድ ሳምንት ተዋት።

ከዚያ ምላጭ ውሰድ፣ የፂሙን። በሁለቱ ጫፍ ላይ ስስ ፕላስተር ጠቅልልና መሐሉን፣ የጠብታዋን ስፋት ያህል፣ ክፍት ተው። ምላጩን ቀጥ አድርገህ ይዘህ ወደ ራስህ ሳብ። አትቁረጥ፣ ፋቅ። ፕላስተሩ ዙሪያው ላይ ይንሸራተታል፣ ምላጩ ጉብታዋን ብቻ ያገኛል። እንደ አይብ ፍርፋሪ ትንሽ ትንሽ ትልጣለች። ፕላስተሩ ውፍረት ላይ ስትደርስ ምላጩ ምንም መንካት ያቆማል። የቀረውን ስስ ልዩነት በ1200 ጨርሰው።

ይህን ያስተማረኝ አንድ የጠረጴዛ ማዕዘን ነው፣ ግን ታሪኩ ረጅም ነው።

ጠጅ_ሣር | ጥቅምት 16፣ ጠዋት 3:00

አሁንስ ይሸጣል?

አፍሪካዊ_ጊታር | ኅዳር 2፣ ማታ 1:10

ጣልቃ ልግባ። ለማንጸባረቅ የጥርስ ሳሙና በቂ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

አዘዞ_ጋራዥ | ኅዳር 2፣ ማታ 1:25

ትንሽ ጭረት ያጠፋል፣ ልም አሸዋ አለበትና። ሙሉ ጊታር ለማብረቅ ግን አንድ ካርቶን ሳሙና ጨርሰህ ጊታርህ ሚንት ሚንት እየሸተተ ትቀራለህ።

ቀሃ_ማዶ | ኅዳር 29፣ ማታ 2:15

ወዳጆች፣ ጥገናው ደርቋል። ራሱ ሟሽሿል፣ ቀለበቱ ጠፍቷል ማለት እችላለሁ። የትንኟን መቃብር አሁን እኔም ፈልጌ አላገኘውም። ምላጩ አስማት ነው ጋሼ። ሁሉንም እስከ ፒ2000 አድርሻለሁ። አሁን መልኩ እንደ ደመና ነው፣ ግራጫና ሐር የመሰለ። በምን ላብራው?

አዘዞ_ጋራዥ | ኅዳር 29፣ ማታ 2:30

አሁን ነው የኔ ተራ!

ማወቅ ያለብህ አንድ ነገር፣ ኮምፓውንድ አያበራም። የሚያበራው ያሸኸው ነው። ኮምፓውንድ የ2000ን ጭረት ብቻ ነው የሚያጠፋልህ፤ የ800 ጭረት ከሥር ካለ እያበራ ይታይብሃል። ሊስትሮ እንኳ ጭቃ ላይ ቀለም አይቀባም።

ለዚህ ነው ጠዋት ፀሐይ ላይ አውጥተህ ቀስ እያልክ እያዘነበልክ እየው የምልህ። ረጃጅም ጭረት ካየህ ወደ 1500 ተመለስ። ሞትህ ነው፣ ግን ተመለስ።

ንጹህ ከሆነ መካከለኛውን ኮምፓውንድ በጨርቅ ጀምር። ከዚያ ልሙን፣ በሌላ ጨርቅ። ማሽን ካማረህ ትራፓኖ ላይ የሚገጠም ስፖንጅ አለ። በዝግታ አሽከርክረው፣ አንድ ቦታ አታቁመው፣ በየጥቂቱ መዳፍህን አሳርፈህ ሙቀቱን ለካ። ለብ ካለ አቁም። በነሐሴ ማሽን ማሽን ስል የነበርኩት ሰውዬ ነኝ ይህን የምጽፈው። ከዚያ በኋላ አንድ የድሮ የናይትሮ ቀለም ያለበት የሞተር ሳይክል ታንክ መጣልኝ። ማሽኑን ለሦስት ሰከንድ ያህል አንድ ቦታ አቆየሁት። ቀለሙ እንደ ቆዳ ተሸበሸበ። የናንተን ክርክር ያኔ ነው የተረዳሁት።

ደግሞ፣ ሲሊኮን የሌለበት ኮምፓውንድ ይሁን። ዳሽቦርድ የሚወለወልበትን ሁሉ ከዚያ ቤት አውጣ። ሲሊኮን ከነካው በኋላ ለጥገና ብትረጭ ላከሩ አይቀመጥበትም፤ ክብ ክብ እያለ ይሸሻል፣ የዓሣ ዓይን የምንለው ነው።

ማራኪ_ኬሚስትሪ | ኅዳር 29፣ ማታ 2:44

ለመኪና የወጣ ላከር መሆኑንም አትርሱ እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ናይትሮ ላከር ሲመጣ ሳምንታት ይፈጅ የነበረውን የመኪና ቀለም ወደ ቀናት አወረደው። ጊታር ሠሪዎች ከመኪና ቀቢዎች ነው የወረሱት። ስለዚህ አዘዞ፣ ቤትህ ነው፣ ግባ።

አዘዞ_ጋራዥ | ኅዳር 29፣ ማታ 2:47

አልኳችሁ እኮ!

ቀሃ_ማዶ | ታኅሣሥ 3፣ ማታ 1:50

ጨርቅ ስፈልግ አክስቴ ያረጀ ነጠላዋን ሰጠችኝ። ጥለቱን ቀድጄ አወጣሁት፣ ክሩ ጠንከር ስለሚል እንዳይጭር ብዬ። መሐሉ ስንት ጊዜ ታጥቦ እንደ ጥጥ ሆኗል። ከዚያ የተሻለ ጨርቅ በገንዘብ አይገኝም።

በእጄ ነው የሠራሁት፣ ትራፓኖውን ፈርቼ። በመዳፌ ልክ ቦታ እየያዝኩ፣ ክብ ክብ። መጀመሪያ ላይ ምንም የለም። ደመናው እንዳለ ነው። ክንዴ ዝሎ ልተወው ስል መሐሉ ላይ አንድ ጥቁር ነገር ታየኝ። ቆሻሻ መስሎኝ ልጠርገው ሄድኩ። የራሴ ፀጉር ነው።

አንገቱን ግን አላበራሁትም። ፒ1500 ላይ አቁሜ ተውኩት። እጅ ሲያልበው አይዝም፣ ደስ ይላል።

አሁን ፊቱ ላይ የመስኮቱ ብረት ቀጥ ብሎ ይታያል። ሁሉም ቀጥ ያለ ነው። ወደ ታችኛው ዳር ሲደርስ ብቻ አንዱ ብረት ትንሽ ይወላገዳል፣ ውሃ ውስጥ እንደገባ ዱላ። ጋሼ፣ እሷን ላስተካክላት?

አንገረብ72 | ታኅሣሥ 3፣ ማታ 2:20

ስንት ማይክሮን እንደቀረህ ታውቃለህ?

ቀሃ_ማዶ | ታኅሣሥ 3፣ ማታ 2:22

አላውቅም።

አንገረብ72 | ታኅሣሥ 3፣ ማታ 2:23

እኔም አላውቅም። ተዋት።

ክራር_ደርዳሪ | ታኅሣሥ 3፣ ማታ 2:40

ድምፁስ? ስለ መስኮት ብረት ነው እንዴ የምታወሩት?

ቀሃ_ማዶ | ታኅሣሥ 3፣ ማታ 2:55

ብሪጁን (ክሮቹ ፊቱ ላይ የሚታሰሩበትን እንጨት) ገና አልለጠፍኩትም። የሚለጠፍበትን ቦታ ስረጭ በፕላስተር ሸፍኜው ስለነበር ኮላው ባዶ እንጨት ያገኛል። ለጥምቀት ይደርሳል፤ የፋሲል መዋኛ ከመሄዴ በፊት ግን መጀመሪያ ያንተን ክራር አጠገብ አስቀምጬ አብረን እንሰማዋለን። ትዝታ ላይ ትቃኛታለህ።

ለጊዜው ግድግዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። መንጠቆው እንዳይጭረው ጎማ ቱቦ አልብሼዋለሁ።

አንገረብ72 | ታኅሣሥ 3፣ ማታ 3:01

ጎማ? አሁን ተነሥና አውርደው። ናይትሮ ከጎማና ከአንዳንድ ፕላስቲክ ጋር አይስማማም፤ ሲቆይ ይለሰልስና ይጣበቃል፣ ምልክቱም አይለቅም። የቀረውን የአክስትህን ነጠላ ጠቅልልበት።

ቀሃ_ማዶ | ታኅሣሥ 3፣ ማታ 3:04

አወረድኩት። ገና አልያዘም።

ጠጅ_ሣር | ታኅሣሥ 3፣ ማታ 3:30

መንጠቆውስ ይሸጣል?